ቱነሩ አረንጓዴ እያበራ ኢ ሜጀር ለምን ይረብሻል? የሳድልና የሴንት ማስተካከያ ጥያቄ

ሊድ_ከጅማ

ሰላም ቤተሰብ። አንድ ነገር ግራ አጋብቶኛል፣ እስቲ የሚያውቅ ያስረዳኝ።

የምኖረው ጅማ ነው፣ ሄርማታ አካባቢ። ከኪቦርድ፣ ከቤዝ፣ ከድራምና ከሳክስፎን ጋር ሰርግ ላይ፣ አንዳንዴም ሆቴል ውስጥ ሊድ ጊታር እጫወታለሁ። ጊታሬ የስትራት ቅርጽ ያለው ሁለተኛ እጅ ነው። ክሮቹ አዲስ ናቸው፣ ከ10 እስከ 46 የሚባለው ውፍረት። ቱነሬ ጊታሩ ጭንቅላት ላይ የሚነክሰው ዓይነት ነው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ስድስቱንም ክር አረንጓዴ እስኪያበራ ድረስ እቃኛለሁ። ከዚያ ትንሽ ዲስቶርሽን ጨምሬ ኢ ሜጀር ስመታ ጂ ክር አንደኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ በተደረደሩት ብረቶች የመጀመሪያው) ላይ ይነክሳል፣ ወው ወው ወው ይላል። በጆሮዬ ጂን ትንሽ አወርደዋለሁ። ኢ ሜጀር ደስ ይላል። ወዲያው ሲ ሜጀር ስይዝ ጂ የሞተ ይመስላል፣ ኢ ማይነርማ ጭራሽ ይጎመዝዛል። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል።

ሁለተኛው ነገር፣ ከ12ኛ ፍሬት በላይ ሶሎ ስወጣ ከሳክስፎኑ ጋር አንስማማም። እኔ ከፍ እላለሁ። ታች ፍሬቶች ላይ ይሄ የለም፣ ወይም ያን ያህል አይሰማም።

ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ክሮቹን ሆን ብሎ ከዜሮ፣ ማለትም ቱነሩ ልክ ነው ከሚለው ቦታ፣ ዝቅ አድርጎ የመቃኘት ነገር አየሁ። ከወፍራሙ ኢ ጀምሮ 12፣ 10፣ 8፣ 4፣ 6፣ 3 ሴንት (የአንድ ፍሬት ርቀት መቶኛ) ዝቅ በል የሚል ዝርዝር። ልጠቀምበት? ከኪቦርድ ጋርስ ይሄዳል? ወይስ መጀመሪያ ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባቸውን ሳድሎች ላስተካክል? እዚህ ሴታፕ የሚሠራልኝ ሰው አላገኘሁም፣ አዲስ አበባ ድረስ መላኩ ደግሞ ሥራ መሃል ስለሆንኩ አይመቸኝም። አብዛኛው የምንጫወተው ትዝታና ባቲ ስለሆነ እሱም የሚለውጠው ነገር ካለ ንገሩኝ።


ስድስት_ክር

ወንድሜ፣ ያለብህ ሁለት የተለያየ ችግር ነው። ለየብቻ ካየሃቸው ግራ አያጋቡህም።

ከ12ኛ ፍሬት በላይ ከፍ ማለቱ የሳድል ጉዳይ ነው። እሱ በካቻቢቴ ይስተካከላል፣ አለቀ። ኢ ሜጀር ላይ የምትሰማው ግን በዋናነት የጊታርህ ችግር አይደለም። ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ጊታር ብትይዝም ትሰማዋለህ። የጊታር ፍሬት ኦክታቭን ለ12 እኩል ስለሚከፍል የሚመጣ ነው፣ እና አይጠፋም። አንተ የምትወስነው የትኛው ኮርድ ላይ እንዲቀመጥ ብቻ ነው።

በቁጥር ላሳይህ። አንድ ኦክታቭ 1200 ሴንት ነው፣ እያንዳንዱ ፍሬት 100። ጆሮ ንጹህ ብሎ የሚቀበለው ሜጀር ሶስተኛ (ከኮርዱ ሥር አራት ፍሬት የሚርቀው ድምፅ)፣ የ5 ለ 4 ንጽጽር ያለው፣ ወደ 386 ሴንት ነው። ፍሬትህ የሚሰጥህ 400 ነው። ስለዚህ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ 14 ሴንት ገደማ ትርፍ አለው። ማይነር ሶስተኛ ተቃራኒው ነው፤ ንጹሁ 316 ሲሆን ፍሬቱ 300 ይሰጥሃል፣ ይጎድለዋል። አምስተኛው ደግሞ 702 መሆን ሲገባው 700 ነው። ሁለት ሴንት ብቻ! ፓወር ኮርድ (ሥሩና አምስተኛው ብቻ ያለው) በዚያ ሁሉ ዲስቶርሽን ውስጥ ንጹህ ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ኢ ሜጀርህ ልምጣ። ዲ ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ኢ አለ፣ 164.81 ሄርዝ። ጂ ክር አንደኛ ፍሬት ላይ ጂ ሻርፕ አለ፣ 207.65 ሄርዝ። የመጀመሪያው አምስት እጥፍ 824 ነው፣ የሁለተኛው አራት እጥፍ 830.6። እነዚህ ሁለት የላይ ድምፆች አንድ መሆን ነበረባቸው፣ ግን ስድስት ተኩል ሄርዝ ተለያይተዋል። ያ ማለት በሴኮንድ ስድስት ተኩል ጊዜ ይመታሉ። «ወው ወው» ያልከው እሱ ነው። ሁለቱን ክሮች ብቻ ለይተህ ምታቸው፣ በደንብ ይቆጠራል። ዲስቶርሽን የላይ ድምፆችን አጉልቶ ስለሚያወጣ በክሊን ያላስተዋልከው ነገር ፊት ለፊት ይመጣብሃል።

ጂን ስታወርደው ይሄ ምት ይዘገያል፣ ስለዚህ ደስ ይላል። ግን ያው ጂ ክር ባዶውን፣ ሳትጫነው፣ ኢ ማይነር ውስጥ ማይነር ሶስተኛ ነው። እሱ ቀድሞም 16 ሴንት ጎድሎታል፣ አንተ ደግሞ ጨመርክበት። ሲ ሜጀር ውስጥ አምስተኛ ነው፣ አምስተኛ ሲዛባ ደግሞ ጆሮ ቶሎ ይነቃል። አንድ ክር ሶስት ሥራ ይዞ ሶስቱንም ማስደሰት አይችልም። ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው። ጂ ሜጀር ላይ ሶስተኛውን የሚሰጥህ ባዶው ቢ ክር ነው። ኤ ሜጀር ላይ ቢ ክር ሁለተኛ ፍሬት። ዲ ሜጀር ላይ ቀጭኑ ኢ ሁለተኛ ፍሬት፣ ሲ ሜጀር ላይ ራሱ ባዶው ቀጭን ኢ። የትኛውም ዝርዝር ቢሰጥህ አንዱን ኮርድ ለማስደሰት ከሌላው ነው የሚቆርጠው።

አንድ ነገር ግን አረጋግጥልኝ። አንተ የምትሰማው 14 ሴንት ብቻ ላይሆን ይችላል። ነቱ ላይ፣ ማለትም ከቁልፎቹ በፊት ክሮቹ በሚያልፉበት ባለ ቦይ ቁራጭ ላይ፣ ያለው የጂ ቦይ ከፍ ካለ፣ አንደኛ ፍሬትን ስትጫን ክሩ ከሚገባው በላይ ይወጠርና ድምፁ ይበልጥ ከፍ ይላል። ጂ ክርን በሁለተኛና በሶስተኛ ፍሬት መሃል ተጫነውና አንደኛ ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እይ። ክሩ ፍሬቱን ሊነካ ምንም ያህል የማይቀረው፣ በጣትህ ነካ ስታደርገው ብቻ ትንሽ የሚንቀሳቀስ መሆን አለበት። ወረቀት አጣጥፈህ የምታስገባበት ቦታ ካለ ነቱ ከፍ ብሏል።


ካቻቢቴ

ልጄ፣ እሷ የነገረችህን ሁለት ጊዜ አንብበው። እኔ ስለ እጅ ሥራው ልጨምርልህ።

ቅደም ተከተሉን አትዝለል። ክር፣ አንገት፣ ቁመት፣ ነት፣ ከዚያ ሳድል። የሴንት ዝርዝር የሚባለው ነገር ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው። ሳድሉ ያልተስተካከለ ጊታር ላይ ዝርዝር መጫን ባዶውን ክር ያሳምርልህና ከአምስተኛ ፍሬት በላይ ያዋርድሃል።

ክርህ አዲስ ከሆነ ጥሩ። ግን አዲስ ክር ይለጠጣል። እያንዳንዱን ከፍሬቱ ሳብ ሳብ እያደረግክ መልሰህ ቃኘው፣ ስትስበው መውረዱን እስኪያቆም ድረስ። ያረጀና ላብ የበላው ክር ላይ ሳድል ለማስተካከል መድከም ግን ዋጋ የለውም፤ ክብደቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ስላልሆነ ቁጥሩ ይዋሽሃል።

አንገቱን እይ። ወፍራሙን ኢ አንደኛ ፍሬት ላይና የመጨረሻው ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ ተጫን፣ ከዚያ ሰባተኛ ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከት። ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ጅማ ላይ ይሄንን ችላ ማለት አይቻልም። እንጨት እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ዝናቡ ደግሞ እናንተ ጋ ዓመቱን ሙሉ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በበጋ የተስተካከለ አንገት ክረምት ላይ ሌላ ቅርጽ ይዞ ብታገኘው አትደንግጥ። ክፍተቱ ከበዛ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት በሰዓት አቅጣጫ አጥብቀው፣ ከጠፋ ደግሞ አላላው። ከሩብ ዙር በላይ በአንዴ አታዙረው። ካዞርክ በኋላ እንጨቱ እስኪረጋ ትንሽ ጊዜ ስጠው። ከጠነከረብህ ተወው፣ በጉልበት አይሆንም።

ቁመቱ 12ኛ ፍሬት ላይ 1.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን። ክሩ ከፍ ባለ ቁጥር ስትጫነው ይበልጥ ይወጠራል፣ ድምፁም ከፍ ይላል፤ ለዚህ ነው ቁመት ከሳድል ርቀት በፊት የሚሠራው። ፒክአፖቹም (ከክሮቹ ሥር ድምፁን የሚይዙት ማግኔቶች) ከክሩ ጋር በጣም ተጠግተው ከሆነ፣ በተለይ አንገት በኩል ያለው ከወፍራሞቹ ክሮች ሥር፣ ዝቅ አድርጋቸው። ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል። የስትራት ፒክአፕ በዚህ የታወቀ ነው። ቱነርህ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እያለ አልረጋ ካለ መጀመሪያ እዚያ ጠርጥር።

አሁን ሳድሉ። ጊታሩን እንደምትጫወተው ያዘው፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተህ አይሆንም፤ አንገቱ ሲደገፍና ሲንጠለጠል ድምፁ ይለያያል። ቱነርህ በኬብል የሚሠራ ቢሆን ይሻላል። ከጓደኛም ቢሆን ለአንድ ቀን ተዋስ። ብዙ ርካሽ የጭንቅላት ቱነሮች ሁለት ሶስት ሴንት ወዲህ ወዲያ ቢሆንም አረንጓዴ ያበራሉ፣ ለመድረክ ይበቃሉ ለዚህ ሥራ ግን አይበቁም። አንገት በኩል ያለውን ፒክአፕ ምረጥ፣ ቶኑን ቀንስ። 12ኛ ፍሬት ላይ ሃርሞኒክ (ክሩን ሳትጫን በጣትህ ነካ ብቻ አድርገህ የምታወጣው ድምፅ) አውጣና ልክ አድርገህ ቃኝ። ከዚያ እዚያው 12ኛ ፍሬት ላይ በዘወትር የጣት ጉልበትህ ተጭነህ ምታ። የተጫንከው ከፍ ካለ ሳድሉን ወደ ኋላ፣ ከነቱ እንዲርቅ። ዝቅ ካለ ወደ ፊት። ከማዞርህ በፊት ክሩን ትንሽ አላላው፣ አለበለዚያ ብሎኑን ትበላዋለህ።

ምን ያህል ልሂድ ካልክ ልንገርህ። የስትራት የክር ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያ ርዝመት ሳድሉን አንድ ሚሊ ሜትር ማንቀሳቀስ 12ኛ ፍሬትን ከባዶው አንጻር ወደ 2.7 ሴንት ይለውጠዋል። ስለዚህ 8 ሴንት ከፍ ካለብህ ሶስት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ። በግምት አንድ ሁለት ዙር እያዞሩ ቀኑን ከመጨረስ ይሄ ያሳርፋል። ብሪጅህ ከኋላ በስፕሪንግ የሚንሳፈፍ ከሆነ ደግሞ አንዱን ክር ስትነካ አምስቱም ይንቀሳቀሳሉ፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ስድስቱንም መልሰህ ቃኝ። ትዕግስት ይጠይቃል፣ አቋራጭ የለውም።

ስትጨርስ ከላይ ወደ ታች እየው። ሶስቱ የተጠመጠሙ ክሮች፣ ኢ ኤ ዲ፣ እንደ ደረጃ ወደ ፊት ይመጣሉ። ያልተጠመጠመው ጂ እንደገና ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከዚያ ቢና ኢ ወደ ፊት። ይህን ቅርጽ ካየህ ሥራህ ልክ ነው። ጂ ከዲ ጋር እኩል ተሰልፎ ካየኸው ግን መልሰህ ለካው፤ ውስጡ ሙሉ ብረት የሆነ ወፍራም ክር ግትር ነው፣ ካልተጠመጠሙት ሶስቱ ይበልጥ ማካካሻ የሚፈልገው እሱ ነው። ሳድሉ ወደ ኋላ ሄዶ ስፕሪንጉ ከቆለፈው ስፕሪንጉን አውጥተህ ትንሽ አሳጥረው።


ሊድ_ከጅማ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እህቴም አንቺም። የትም ያላገኘሁትን ነው የሰጣችሁኝ።

ከአንድ ወዳጄ በኬብል የሚሠራ ቱነር ተውሼ ለካሁ። ጂ ክር 12ኛ ፍሬት ላይ 9 ሴንት ከፍ ይላል፣ ሳድሉም እንዳሉት ከዲ ጋር እኩል ተሰልፏል። ቢ 5 ከፍ ይላል። ወፍራሞቹ ግን ደህና ናቸው፣ አንድ ሁለት ሴንት ብቻ። ነቱ ላይ ጂ ቦይ ትንሽ ከፍ ያለ ይመስለኛል። እሱን እንዴት ላድርገው? እዚህ የእንጨት ሥራ ላይ እጃቸው የተባረከ ሰዎች ሞልተዋል፣ ለአንዱ ልስጠው?


ካቻቢቴ

የጅማ እንጨት ጠራቢ እጁን አውቀዋለሁ፣ ወንበሩ ምስክር ነው። ግን ነት ሌላ ሥራ ነው። ቦይው ከክሩ ውፍረት ጋር መመጣጠን አለበት፣ ከጠበበ ክሩ ይያዛል፣ ከሰፋ ይንጫጫል። ቀጭን ፋይል ከሌለህ እንዲህ አድርግ። ከጂ ቀጠን ያለ አሮጌ ክር ላይ በጣም ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጠቅልል፣ አንድ ዙር ብቻ። ቦይው ውስጥ ከቁልፎቹ በኩል ወደ ታች ዘንበል አድርገህ ሁለት ሶስቴ ሳብ። ክሩን መልሰህ አስቀምጥ፣ እይ። ደግመህ ሳብ። ከሥር ዝቅ ካለ ባዶው ክር አንደኛ ፍሬት ላይ ይርገበገብና አዲስ ነት መግዛት ይመጣል፣ ስለዚህ ከመብዛቱ ማነሱ ይሻላል። ስትጨርስ ቦይው ውስጥ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት ጨምርበት። ክሩ ሳይያዝ ይንሸራተታል።

እና ሳድሎቹን ከነቱ በኋላ ጨርሳቸው።


ኪቦርድ_በኩል

እኔ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ፣ ከጊታሪስት ጋር በቅኝት ስጨቃጨቅ ነው የኖርኩት። ስለ ዝርዝሩ ልናገር።

ያ 12፣ 10፣ 8፣ 4፣ 6፣ 3 የሚለው በአሜሪካዊው ዘፋኝና ጊታሪስት በጄምስ ቴይለር ስም የሚታወቀው ነው። ሰውየው አኮስቲክ ጊታር በጣት እየመታ፣ ብዙ ጊዜ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ ባንዴ የሚጫን መያዣ) አስሮ፣ አንዳንዴም ብቻውን የሚጫወት ነው። ለእሱ አጨዋወት ድንቅ ነው። ወፍራም ክር ስትመታው መጀመሪያ ከፍ ብሎ ይነሳና ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ቱነርህን እያየህ ወፍራሙን ኢ ጠንከር አድርገህ ምታው፣ መርፌው ወደ ቀኝ ሄዶ ሲመለስ ታያለህ። ካፖም ክሩን ይወጥራል። ለዚህ ነው ሁሉም ወደ ታች የሆነው፣ ከታች ደግሞ የበለጠ የወረደው።

አንተ ግን ከእኔ ዓይነት ሰው ጋር ነው የምትጫወተው። ኪቦርዴ እኩል የተከፈለ 12 ድምፅ ነው፣ ከዜሮ አይንቀሳቀስም። አንተ ወፍራሙን ኢ በ12 ሴንት አውርደህ ከቤዙና ከእኔ ግራ እጅ ጋር ስትመታ ለራስህ ጣፍጦህ ለአዳራሹ ቆሽሾ ይወጣል። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ወፍራሙ ኢ፣ ኤና ዲ ዜሮ ላይ ይሁኑ። ጂ ከዜሮ 3 ሴንት ዝቅ፣ ቢ 2 ዝቅ፣ ቀጭኑ ኢ ዜሮ። ይህች ትንሽ ናት፣ ከእኔ ጋር አትጋጭም፣ ኢ ሜጀርን ግን በሚሰማ ደረጃ ታለዝባለች። ከዚያ በላይ ኮርዱን ቅለል አድርገህ ያዝ። እኔ ሶስተኛውን እየመታሁ አንተም ሶስተኛውን በዲስቶርሽን መድገም ምን ያደርግልሃል? ሥሩንና አምስተኛውን ያዝ፣ ሶስተኛውን ለእኔ ተወው። ባንዱ ወዲያው ይጠራል።

ሌላ የማየው ነገር አለ። ብዙ ልጆች በአምስተኛና በሰባተኛ ፍሬት ሃርሞኒክ ይቃኛሉ። የሰባተኛው ፍሬት ሃርሞኒክ ንጹህ አምስተኛ ነው፣ 702፣ የፍሬቱ ደግሞ 700። ከወፍራሙ ኢ ተነስተህ በዚህ ብትሄድ ኤ 2 ሴንት፣ ዲ 4፣ ጂ 6 ሴንት ዝቅ ብለው ያርፋሉ። ኢ ሜጀር ሲጣፍጥ ሲ ሜጀር የሚሞተው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። መብራት ሄዶ ቱነር በሌለበት ለመድረስ ያህል ይሆናል፣ ከኪቦርድ ጋር ግን አይደለም።

እና አንድ ጊዜ የኪቦርዱን ማስተር ቱኒንግ (የመላው ኪቦርድ መነሻ ቅኝት) እዩት። ኤ 440 ሄርዝ ነው ወይስ የሆነ ሰው 442 ላይ ትቶታል? በ440 እና በ442 መካከል ወደ 8 ሴንት አለ። ይሄ ብቻውን የሁሉንም ሰው ማታ ያበላሻል።


ስድስት_ክር

ከኪቦርድ ጋር ባለው እስማማለሁ። ለቀረጻ ግን ልጨምር፣ ብቻህን የምትቀዳ ከሆነ ጉዳዩ ይለያል። ዘፈኑ ውስጥ ኢ ሜጀር የሚበዛ ከሆነ ለዚያ ትራክ ብቻ ጂን 6 ወይም 7 ሴንት አውርደው፣ ኢ ማይነር ያለበትን ክፍል ለብቻ በዜሮ ቅዳው። ስቱዲዮ ውስጥ ይሄ ነውር አይደለም። ለአንድ ዘፈን አንድ ቅኝት የሚል ሕግ የለም።

የእኔ ምርጫ ግን ቢን ከ2 ሴንት በላይ አላወርድም። ቢ ክር ኢ ኮርድ ውስጥ አምስተኛ ነው፣ እዚያ መምታት ሲጀምር ይሰማኛል።


ክራርና_ጊታር

ስለ ትዝታና ባቲ የጠየቀውን ማንም አልመለሰለትም፣ እኔ ልሞክር።

ሙሉ ትዝታን በሲ እንውሰድ። ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ባዶ ክሮችህን እያቸው፣ ኢ ኤ ዲ ጂ ሁሉም ቅኝቱ ውስጥ አሉ፣ ከቢ በቀር። ስለዚህ ባዶ ክር እያስጮህክ ትዝታ ስትጫወት የክሮቹ እርስ በርስ መስማማት በጣም ይሰማል፣ ከኮርድ ዘፈን ይልቅ። «ታዲያ አምስት ድምፅ ብቻ ከሆነ ለምን ሁሉንም ንጹህ አላደርጋቸውም?» ትል ይሆናል። ሞክረው። ከሲ ጋር ኢ ንጹህ እንዲሆን 14 ሴንት ታወርደዋለህ፣ ኤን ወደ 16 ታወርደዋለህ፣ ዲን 4 ከፍ ታደርገዋለህ። ሲና ኢ ሲጮሁ ማር ነው። ከዚያ ዲንና ኤን አብረህ ምታ። በመካከላቸው 702 መሆን የሚገባው አምስተኛ 680 ሆኗል። ይቀፋል። በአምስት ድምፅ ውስጥ እንኳ ሁሉም አይስማማም፣ አንዱ ይከፍላል።

ክራር ተጫዋች ይህን በጆሮው ይፈታዋል። ለዚያ ዘፈን፣ ለዚያ ድምፃዊ፣ ለዚያ ሰዓት መቃኛውን አዙሮ አንዱን ክር ላላ አንዱን ጠበቅ ያደርጋል፤ ሌላው ክራር ተጫዋች ደግሞ ሌላ ቦታ ያሳርፈዋል፣ ሁለቱም ትዝታ ነው። ቁጥር አይቆጥርም። አንተም ዜማ ስትጫወት፣ አንድ ድምፅ በአንድ ጊዜ፣ ዝርዝሩን እርሳው። ጣትህ አለልህ። ኢን ከሥር ይዘህ ትንሽ ቤንድ አድርገህ (ክሩን በጣትህ ገፋ አድርገህ) የምትደርስበት ቦታ ከየትኛውም ቱነር የተሻለ ነው። ፍሬት ላይ ጣት ድምፁን ዝቅ ማድረግ አይችልም፣ ከፍ ማድረግ ብቻ ነው የሚችለው፤ ስለዚህ ጂን 3 ዝቅ ማድረጉ ለዚህም ይጠቅምሃል፣ ከታች ተነስተህ የምትወጣበት ቦታ ይሰጥሃል።

ባቲ ላይ ተጠንቀቅ። በሲ ብናየው ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ነው። ኢና ኤፍ፣ ቢና ሲ ግማሽ ድምፅ ይራራቃሉ። እነዚህ ሁለት ጠባብ ቦታዎች የባቲ ነፍስ ናቸው፣ ቢ ክርን ብዙ ካወረድከው ወደ ሲ የሚመለስበት ጉልበት ይደክማል። ባቲ ሲበዛ ቢን ዜሮ ላይ ተወው ባይ ነኝ።

ደግሞ እኩል የተከፈለው 12 ድምፅ ለቅኝታችን ጠላት ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ አልስማማም። ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ አምስቱን ድምፅ በቫይብራፎን ነው የተጫወተው። የቫይብራፎን ብረት መድረክ ላይ አይቃኝም፣ ቤንድም አይደረግም። ግን አምባሰል አምባሰል ሆኖ ይወጣል። አመታቱና ማረፊያው ይዞታል።


ሊድ_ከጅማ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከልብ።

ነቱን በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ዝቅ አድርጌ ሳድሎቹን ጨርሻለሁ። ጂ ሳድል ከዲ ኋላ ገብቷል፣ ደረጃው ጋሼ ካቻቢቴ እንዳሉት ሆኖ ይታያል። 12ኛ ፍሬት ላይ አሁን የስድስቱም ስህተት ከአንድ ሴንት በታች ነው። ከሳክስፎኑ ጋር ከላይ ተስማማን፣ እሱ ራሱ ነው «ምን አደረግከው?» ያለኝ። ኢ ሜጀር በዜሮ ቅኝት አሁንም ይመታል ግን ቀድሞ የነበረውን ያህል አይነክስም፣ ግማሹ የነቱ ነበር ማለት ነው። ጂ 3 ዝቅ፣ ቢ ዜሮ አድርጌ ልጀምር ነው፣ ባቲ ስለሚበዛብን። ኪቦርዱም 440 ላይ ነው፣ አየሁት።

የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ ናት። ሰርግ ድንኳን ውስጥ ከሰዓት ቀዝቀዝ ሲል ቃኝተን ማታ መብራቱ ሲበራና ሰው ሲሞላ ሁሉም ክር ይወርድብኛል። ይሄ የሳድል ነው ወይስ ሌላ?


ስድስት_ክር

የሳድል አይደለም። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ክሩ ይላላል፣ ድምፁ ይወርዳል። ሲቀዘቅዝ ተቃራኒው። ቀጭኑና ወፍራሙ እኩል አይወርዱም፣ ስለዚህ በጆሮ ሁሉንም እኩል ከፍ አድርጌ እገላገላለሁ ማለት አይሠራም። ጊታሩን ከሳጥኑ አውጥተህ መድረኩ ላይ፣ መብራቱ ሥር፣ ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት አቆየው። ሙቀቱን ከለመደ በኋላ ቃኝ። ስትቃኝ ሁሌ ከታች ወደ ላይ ድረስ፤ ካለፍክ ከዜሮ በታች አውርደህ እንደገና ውጣ፣ አለበለዚያ ቁልፉ ላይ የቀረው ልል ክር መሃል ዘፈን ላይ ይለቅሃል። በዘፈን መሃል እረፍት ስታገኝ ጂን ብቻ እየው፣ መጀመሪያ የሚሸሽህ እሱ ነው።


ኪቦርድ_በኩል

እና እየቃኘህ ሳለ ኪቦርዱ «ኤ» እየያዘ እንዲጠብቅህ አታድርገው፣ ቮልዩምህን ዘግተህ በቱነር ጨርስ። ቱነርህ ላይ ለየክሩ የራስህን ሴንት የምታስቀምጥበት ቦታ ካለው ጂ 3 ዝቅ የሚለውን አንዴ አስገብተህ ተወው፣ ማታ ማታ በዓይንህ ከመርፌው ላይ መገመት አይኖርብህም። ከሌለው መርፌው ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ ሲያርፍ የት እንደሆነ ቀን ላይ በኬብሉ ቱነር አስተያይተህ ልመድ።